እትዬ ሜትርና የኪራዩ ቁጥር

እኔ የልብስ ቁልፍና ክር ሻጭ ነኝ። ሱቄን ከእትዬ ሜትር ልብስ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ነው፤ እሱም ጣሪያው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ጆሮዬን ጣል ማድረግ ሳያስፈልገኝ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የቤቷን ነገር ስሰማ ኖሬአለሁ። ሰፈሩ ወሬኛ ይለኛል። ወሬኛ ማለት ሄዶ የሚሰማ ነው፤ እኔ ጋ ግን ወሬው ራሱ ጣውላ ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ይህንንም የማወራው ማንም ሳይጠይቀኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ካላወራሁት ሊያፍነኝ ነው።

እትዬ ሜትር የተባለችው የልብስ መለኪያ ሜትሯን ጠዋት ሱቅ ስትከፍት አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ማታ ስትዘጋ ብቻ ስለምታወርደው ነው። አንዳንዴ ማውረዱን ትረሳና እንዳንጠለጠለችው ታክሲ ትሳፈራለች። ደንበኛው ሁሉ "እትዬ" ይላታል። እኔ በሁለት ዓመት ስለምበልጣት ሜትር ብቻ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ "ጋሼ" እያለች እርጅናዬን ታስታውሰኛለች።

አለካኳ የታወቀ ነው። ደንበኛዋን መስኮቱ ጋ ታቆምና ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ ለክታ ሦስቱን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብላ ትጠራዋለች። ደብተር የላትም። አንዴ የለካችውን ሰው ከነቁጥሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ታስቀምጣለች። አንዲት ደንበኛ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ብቅ ብትል ገና ከበሩ፣ "ሰማንያ ስምንት፣ ስልሳ ስድስት፣ ዘጠና ሁለት ነበርሽ፤ ማን ነው እንዲህ የቀለበሽ?" ብላ ተቀበለቻት። ሴትዮዋ ከመቆጣት ይልቅ በሳቅ ፈረሰች። ከሌላ አፍ ቢወጣ ጠብ የሚሆን ነገር ከሜትር አፍ ሲወጣ ጨዋታ ነው።

በዚህ ቤት ሳትለካ የማትወጣ፣ ባታሰፋም የምትለካ አንዲት ሴት ነበረች። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። ጸሐፊዋና ሜትር አብሮ አደጎች ናቸው፤ አንድ ግቢ አድገው፣ አንድ አልጋ ላይ ተጋፍተው ተኝተው፣ አንዷ ስትገረፍ ሌላዋ እያለቀሰች ነው ያደጉት። ሜትር በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በመቀስ የቆረጠችው ቀሚስ የጸሐፊዋ ነበር፤ ጨርቁም የእናቷ መጋረጃ ነበር፤ ለዚያም ሁለቱም ተገርፈዋል። ጸሐፊዋ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ትመጣለች። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አብረው ይበላሉ፤ ጮክ ብለው ያማሉ። አንዳንዴም እኔን ያማሉ፤ እየሰማሁ መሆኑን ስለሚያውቁ አሳምረው ያሙኛል።

ሜትር አላገባችም፤ አልወለደችም። የጸሐፊዋ ሴት ልጅ ግን እዚያው ጠረጴዛ ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ነው ያደገችው። መርፌ አያያዝ፣ ኮሌታ አገጣጠም፣ ገበር አስተጣጠፍ ሁሉን ከሜትር ተማረች። "እቴቴ" ነበር የምትላት። ሜትርም ለሰው ስታስተዋውቃት "ልጃችን" ትላለች።

በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሜትር ለጸሐፊዋ አዲስ ቀሚስ ትሰፋላታለች። መለካቱ ራሱ ትያትር ነው። ሜትሩ ዳሌዋ ጋ ሲደርስ ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፍና፣ "መቶ እንዳትይኝ! መቶ ካልሽኝ ዛሬውኑ እሞታለሁ!" ትላለች።

"ዘጠና አራት፣ ሰባ ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ!" ትላለች ሜትር።

"ተመስገን!" ትላለች ያቺ፤ ይሳሳቃሉ። ይህችን ቁጥር ከመደጋገሟ የተነሳ እንደ ገዛ ስልኬ በቃሌ ይዣታለሁ። በየዓመቱ ያችው ናት። ይህቺ ሴት ዕድሜ ስትጨምር ኪሎ አትጨምርም እንዴ ብዬ እደነቅ ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ ነገር ልምጣ። የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ልጅቷ አንድ ካፖርት ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተችላት። ገጹ የተመዘገበው በሜትር በራሷ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩም ገጹ ላይ ተጻፈ። ከዚያ ጉድ ፈላ። ሰው መደወል ጀመረ። አንዱ ሱሪ ታጠብቢያለሽ ወይ ይላል፤ ሌላው ባል አለሽ ወይ ይላል። አንዱ ደግሞ ገና ሳይነጋ እየደወለ ምንም ሳይናገር ይተነፍሳል። ሜትር ስልኳን መዝጋት አትችልም፤ ደንበኛ ይሆናል ብላ ሁሉንም ታነሳለች። ከሳች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ መፍትሔ ይዛ መጣች። በጣውላው በኩል እንዲህ ሰማሁ፦

"ቁጥርሽን ከገጹ ነቅለን እናውጣው። ኢንተርኔት ላይ የሚከራይ ቁጥር አለ። ሲም የለው፣ ቀፎ የለው። ገጹን በእሱ እናስመዘግባለን። ኮድ ሲላክ እዚያ ይመጣል፤ እኔ ስልኬ ላይ አይቼ አነብልሻለሁ።"

"ሲም የሌለው ቁጥር? ምንድን ነው፣ መንፈስ ነው?"

"ቨርቹዋል ይሉታል።"

"ስሙ ራሱ ያስፈራል። ጋሼ፣ ትሰማለህ አይደል? አንተ ምን ትላለህ?"

እኔ ስለ ቨርቹዋል ቁጥር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ደቂቃ ነበር። ግን አዋቂ ለመምሰል፣ "ጥሩ ነው፤ አሁን ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው" አልኩ። ይህን ቃሌን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጹ በአዲስ ስልክ ሲከፈት ወይም አንዳንዴ ዝም ብሎ ሲጠራጠር፣ "ባለቤቷ መሆንሽን በምን ልመን?" ብሎ ወደ ተመዘገበው ቁጥር ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ ይልካል። ኮዱን ያስገባ ሰው ባለቤት ነው። ቁጥሩ ደግሞ የተከራየው በጸሐፊዋ ኢሜይል፣ በጸሐፊዋ የይለፍ ቃል ሲሆን ኮዱም የሚታየው በጸሐፊዋ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። ያኔ ይህ ለማናችንም ነገር አልመሰለንም። ሜትርማ አንዴ ስጠይቃት፣ "እሷ ዘንድ ካለ እኔ ዘንድ አለ ማለት ነው" ብላ ቁልፍ ወደ መቁጠሬ መለሰችኝ።

ስልኩ አረፈ፤ ሜትርም አረፈች። ገጹ ደግሞ አደገ። እሷ የልብሱን ፊት ብቻ ሳይሆን ገልብጣ ውስጡን ፎቶ ታነሳለች፤ ስፌት የሚታወቀው በውስጡ ነው ባይ ናት። ሰው ይህን ወደደላት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንጻ በተዘጋጀ ልብስ ሱቅ ሲሞላና በእግሩ የሚመጣው ደንበኛ ሲደርቅ፣ ያኖራት ያ ገጽ ነው። ሌላም አለ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የሠላሳ ዓመት የወረቀት ንድፎቿ ውኃ በላቸው። የተረፉት ቀድማ ፎቶ አንስታ ገጹ ላይ ያስቀመጠቻቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ገጹ ማስታወቂያ አልነበረም፤ የሴትዮዋ ዕድሜ ነበር።

ኮድ በተፈለገ ቁጥር የሚደረገው አንድ ዓይነት ነበር። ሜትር ቢሮ ትደውላለች፤ ጸሐፊዋ ስድስቱን አኃዝ ሁለት ሁለት እያደረገች ታነብላታለች፤ ልክ ሜትር የሰው ደረትና ወገብ እንደምትጠራው። ሜትርም ያለቀልድ ተቀብላ አታውቅም።

"አርባ አንድ፣ አሥራ ሰባት፣ ስልሳ ሦስት።"

"ወይኔ! ይህቺ ወገብም የላት! ምግብ ስጧት!"

አንድ ጊዜ ደግሞ "ዜሮ ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት" ተባለላት። "ደረት የለ፣ ዳሌ የለ፣ ሆድ ብቻ! የኛ ቁልፍ ሻጭ ነው እንዴ?" አለች። በጣውላው በኩል ሆዴን ነካሁ፤ እውነቷን ነው።

ባለፈው ዓመት ልጅቷ የራሷን ስፌት ቤት ልትከፍት መሆኑ ተሰማ። ሜትር ከእናቲቱ እኩል ተደሰተች። ማንም እንዲነካው የማትፈቅደውን ትልቁን መቀሷን አስላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት። ለጸሐፊዋም ለስፌት ቤቱ ምርቃት የምትለብሰው የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ ጀመረችላት። ምርቃቱ ለቅዳሜ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ሜትር አዲስ ያለቀ ካፖርት ፎቶ አንስታ ልትለጥፍ ስትል ገጹ አስወጣት። ኮድ አስገቢ አላት። እንደ ወትሮዋ ቢሮ ደወለች።

"እህቴ፣ ደግሞ ተጠራጠረኝ። እስቲ አንብቢልኝ።"

ከወዲያ ዝምታ ሆነ። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ነው የምታወራው፤ ዝምታውን እኔም ሰማሁት።

"አለሽ?"

"አለሁ፣ አለሁ። ቆይ... ዘጠና አራት። ሰባ ስምንት። ዘጠና... ዘጠኝ።"

ሜትር አስገባች። ስህተት ነው አለ። በጣውላው በኩል ጠራችኝ፤ መነጽሬን አድርጌ እኔ አስገባሁ። ስህተት ነው አለ።

"እንቢ አለን እኮ!"

"ኔትወርክ ይሆናል። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፤ ነገ እንሞክረዋለን" ብላ ዘጋችው።

ያን ቀን ሜትር አልቀለደችም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ይህን ገላ አውቀዋለሁ" አለች።

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ክው ነው ያልኩት። ያቺ ሴት ኮዱን አላነበበችም። ልታነብላት አልፈለገችም፤ ድንገት ስለተጠየቀች ስድስት ቁጥር መፍጠር ነበረባት፤ ቸኩላ ስትፈልግ አፏ ላይ የመጣላት በየዓመቱ ዓይኗን ጨፍና የምትሰማው የራሷ ልክ ነበር።

"እስቲ በስልክህ ገጹን ፈልግልኝ" አለች።

ፈለግኩ። ገጹ አለ። ስሙ ግን የሜትር አይደለም፤ የልጅቷ አዲሱ ስፌት ቤት ስም ነው። ስልኩም የልጅቷ ነው። ካፖርቶቹ፣ ቀሚሶቹ፣ ተገልብጠው የተነሱት ገበሮች ሁሉ አሉ። ሜትር ራሷ የምትታይበት አንድ ፎቶ ነበር፤ ከአንገት በላይ ተቆርጧል። የቀረው ሜትሩ የተንጠለጠለበት ደረቷ ብቻ ነው። ከሥሩ አንድ ደንበኛ "እጅሽ ይባረክ" ብላለች፤ ልጅቷም "አሜን" ብላ መልሳለች።

ደሜ ፈላ። ያን "አሜን" ሳይ ስልኬን ልወረውረው ነበር። ሜትር ግን አልጮኸችም፤ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ "መቀሴንም ሰጥቻታለሁ" ብቻ አለች። ቅስሟ ሲሰበር በዓይኔ አየሁ። አንጀቴን በላችኝ።

እኔ ሞኙ መፍትሔ አለ ብዬ ለገጹ ድርጅት አቤቱታ ጻፍኩላት። ገጹ የእሷ እንደሆነ፣ እንደተቀማች፣ ሰባት ዓመት የለፋችበት እንደሆነ አንድ ሳልደብቅ አስረዳሁ። መልሱ በአምስት ደቂቃ መጣ፦ "ማንነትዎን ለማረጋገጥ ወደ ተመዘገበው ስልክ ቁጥርዎ ኮድ ልከናል።" የተመዘገበው ቁጥር ደግሞ የት እንዳለ ይታወቃል።

ረቡዕም ሐሙስም ጸሐፊዋ ለምሳ አልመጣችም፤ ሥራ በዝቶብኛል ብላ ላከች። ሜትር ሁለቱንም ቀን የወይን ጠጁን ቀሚስ ስትሰፋ ዋለች። የስፌት መኪናው ድምፅ አላስቀምጥ አለኝ።

"አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ቀዳደሽ ጣይላት እንጂ!"

"ጨርቁ ምን አደረገ?" አለችኝ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ መጣች። ያወቅንባት አልመሰላትም። ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ "ወይ ሥራ! ወገቤ ተቆረጠ እኮ! ቀሚሴ አለቀልኝ?" እያለች ገባች። እኔ ክር መቁጠሬን ተውኩ።

"አልቋል። መስኮቱ ጋ ቁሚ" አለች ሜትር።

"ካለቀ ለምን ትለኪኛለሽ?"

"ቁሚ።"

ቆመች። በጣውላው ጫፍ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ፤ አላፍርም። ሜትር ለካቻትና እንደ ድሮዋ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብላ ጠራችው።

"ዘጠና ሰባት፣ ሰማንያ ሁለት፣ መቶ አራት!"

ጸሐፊዋ የጨፈነችውን ዓይኗን ከፈተች። "ምን አልሽ?"

"ማክሰኞ በስልክ ያነበብሽልኝ የድሮውን ነው። ውሸት ሲቸግርሽ እኔ የነገርኩሽን መለስሽልኝ።"

የጸሐፊዋ ፊት አመድ መሰለ። ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ብላ ተወችው። መጀመሪያ ካደች፤ ኔትወርክ አለች፤ ልጅቷ ሳትነግረኝ ነው አለች። በመጨረሻ ግን መሬት መሬት እያየች መናገር ጀመረች።

"ልጄ ናት። አንቺም ልጃችን ትያት ነበር። ብድር ገብታ ሱቅ ተከራይታ፣ ከዜሮ ጀምሪ ልበላት? ቁጥሩ እንደሆነ የእኔ ነው፤ ሰባት ዓመት ያሳደስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ዓይንሽ እየደከመ ነው። ነገ መስፋት ስታቆሚ ገጹ ለማን ሊቀር ነው? ልጅ እንደሆነ የለሽ..." እዚህ ላይ ራሷም ደንግጣ አቆመች።

"ብትጠይቂኝ እሰጣት ነበር" አለች ሜትር።

"እንቢ ብትይስ?"

"ሃምሳ ዓመት ምን እንቢ ብዬሽ አውቃለሁ?"

ጸሐፊዋ ምሳ ዕቃዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ገጹን መልሺልኝ።"

"ምርቃቱ ይለፍ። ሰው ተጠርቷል፤ ልጅቷን አታዋርጂብኝ። ሳምንት ስጪኝና እናስተካክላለን" አለች። ሜትር ይህን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ሳምንቱ እንደማይመጣ ያን ጊዜ አወቅኩ። እስከዛሬም አልመጣም።

ሜትር ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዳ፣ አጥፋ በወረቀት ጠቀለለችላት። ጸሐፊዋ ጥቅሉን ተቀብላ በር ላይ ስትደርስ ዞረች። እንባዋ ወርዷል፤ ግን የጠየቀችው ነገር ሌላ ነው።

"መቶ አራት ከሆንኩ... ያንቺ ቀሚሶች ሁሉ እንዴት በልኬ ሆኑ?"

"ዘጠና ዘጠኝን ካለፍሽ ስምንት ዓመትሽ ነው" አለቻት። "መቶ ስለምትፈሪ በአፌ ዘጠና ዘጠኝ እልሻለሁ፤ በመቀሴ ግን በእውነቱ እቆርጣለሁ። እኔም ዋሽቼሻለሁ። እኔ እንደዚያ ነበር የምዋሽሽ።"

ጸሐፊዋ ሄደች። እኔ ዘልዬ ገባሁ። "ቀሚሱን ሰጠሻት? አሁን ይህን ለብሳ በአንቺው ገጽ ላይ ፎቶ ልትነሳበት ነው እኮ!"

"አልቆ የተቀመጠ የሰው ልብስ ቤቴ አላሳድርም" አለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ላጽናናት ብል ያ "ጥሩ ነው" ያልኩት ቃል ትዝ አለኝ።

ከወር በኋላ በራሷ ስም አዲስ ሲም ካርድ አወጣች። አዲስ ገጽ ስንከፍት ከጎኗ ቆሜ ነበር፤ ፊደሉ ስለሚያንስባት እኔ በመነጽሬ አነብላታለሁ። ኮዱ በገዛ ስልኳ ላይ መጣ። ሁለት ሁለት እያደረገች ጠራችው፤ "ሃያ ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ስልሳ።" በኮዱ ወገብ የምትቀልደውን ጠበቅኩ። አልቀለደችም፤ አስገባችው፤ ተከፈተ።

ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጣ። አነበብኩላት፦ "ስልክዎ ቢጠፋ ኮድ የሚቀበልልዎ፣ የሚያምኑት ሰው ስልክ ቁጥር ያስገቡ።"

ጣቷ ሳታስበው መጻፍ ጀመረ። ቁጥሩን አወቅኩት፤ የጸሐፊዋ ነው። ሰባት አኃዝ ከጻፈች በኋላ ቆመች። አንድ አንድ እያለች አጠፋችው።

እኔ ከጎኗ ነኝ። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረቤቷ ነኝ። ቁጥሬን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ሳጥኑን ባዶውን ትታ "እለፍ" የሚለውን ተጫነች። ከፋኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ነው የከፋኝ። ግን ምን እላታለሁ?

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትታ መርፌዋን አነሳች።

"ጋሼ፣ ጥቁር ክር አለህ?"

"አለኝ" አልኳት።